መብራት በጠፋ ጊዜ ለቤተ ሰብ የሚረዳ ኢንቨርተር በመጠነኛ ዋጋ ስለ ማግኘት

ብርሃን በቤት ውስጥ ሲኖር ዋጋው አይታወቅም፤ ሲታጣ ግን ከእህልና ከውሃ ቀጥሎ የሚፈለግ ነገር መሆኑ ይገለጣል። በአባቶቻችን ዘመን መብራት ማለት ለማየት ብቻ ነበር፤ ለዚህም ጧፍና ኩራዝ ይበቃ ነበር። በዛሬው ዘመን ግን «መብራት» ስንል ብዙ ነገር ማለታችን ነው። የልጆች ጥናት፥ ከሩቅ አገር ካለ ዘመድ ጋር የምንነጋገርበት ስልክ፥ የአገርና የዓለም ወሬ የምንሰማበት ራዲዮና ቴሌቪዥን፥ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው መድኃኒቱን የሚያስቀምጥበት ማቀዝቀዣ፥ ይህ ሁሉ በአንድ ሽቦ ላይ ተንጠልጥሏል። ስለዚህ ያ ሽቦ በድንገት ባዶ ሲሆን የቤተ ሰቡ ሥራና ዕረፍት ሁሉ አብሮ ይቋረጣል።

ከዚህ የተነሣ ኢንቨርተር ስለሚባለው መሣሪያ ብዙ ሰዎች ይጠይቁናል፤ ጥያቄያቸውም «ገንዘባችንን ሳንጨርስ የሚረዳንን እንዴት እናገኛለን?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። በዚህ ዕቃ ምክንያት የሚጠፋው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ የሚጠፋው ገዢው የሚያስፈልገውን ሳይመጥን ወደ ገበያ ስለሚሄድ ነውና፥ በዚህ ጽሑፍ የአመጣጠኑንና የአገዛዙን ነገር በዝርዝር ለመግለጥ አስበናል።

እንፍራንዝና የጣና ውሃ

ነገሩ በግልጥ እንዲታይ አንዲት ከተማ እንውሰድ። እንፍራንዝ ከባሕር ዳር ወደ ጐንደር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ በአዲስ ዘመንና በማክሰኝት መካከል የምትገኝ ጥንታዊት ከተማ ናት። ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት የጉዛራ ግንብ በአጠገቧ ከኰረብታ ላይ ቆሞ ይታያል፤ ይህም ጐንደር ከመቈርቈሯ አስቀድሞ አገሩ የነገሥታት መቀመጫ እንደ ነበረ ይመሰክራል። ከዚያ ኰረብታ ላይ ሆኖ ወደ ምዕራብ የተመለከተ ሰው የጣናን ባሕር ያያል።

ይህም ባሕር ለአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል ከሚሰጡት ምንጮች አንዱ ነው። የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ጣቢያ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣናን ውሃ በዋሻ አሳልፎ ወደ በለስ ሸለቆ የሚያወርደው የጣና በለስ ጣቢያ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ይዞ ተመረቀ። ከዚያም በኋላ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋ ዋት ዐቅም ያለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ተመርቋል። ይህን የሰማ ሰው «እንግዲህ መብራት ለምን ይጠፋል?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

መልሱም፥ ማመንጨት አንድ ሥራ ነው፤ ማድረስ ሌላ ሥራ ነው የሚል ነው። በ2006 ዓ.ም. የቀድሞው የኤሌክትሪክ ኮርፖሬሽን በሁለት የተከፈለውም ለዚሁ ነው፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጫል፥ በታላላቅ መስመሮችም ያስተላልፋል፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደግሞ ለየቤቱ ያከፋፍላል። ኃይሉ ከግድቡ ተነሥቶ እስከ አንድ የእንፍራንዝ ቤት ድረስ ለመምጣት ከፍተኛ መስመር፥ ማከፋፈያ ጣቢያ፥ ትራንስፎርመር፥ የእንጨት ምሰሶና ቀጭን ሽቦ ማለፍ አለበት። ከነዚህ አንዱ በክረምት ነፋስ ቢወድቅ፥ ወይም ትራንስፎርመሩ ከዐቅሙ በላይ ቢጫንበት፥ በግድቡ ውሃ ሞልቶ ሳለ መንደሩ ይጨልማል። ጦርነት በመጣ ጊዜም የባሰ ይሆናል፤ ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ላሊበላንና ወልድያን የመሰሉ ከተሞች ለብዙ ወራት ያለ መብራት ቆይተዋል። በዚያ ጊዜ የእህል ወፍጮና የውሃ መሳቢያ ሳይቀር ቆሞ ነበርና፥ ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

መስመሩን ማጽናት የመንግሥት ሥራ ነው። እስከዚያው ድረስ ግን ለአንድ ማታ የሚሆን ኃይል በቤት አኑሮ መቈየት እህልን በጎተራ እንደ ማኖር ያለ የቤት አስተዳዳሪ ጥንቃቄ ነው።

ኢንቨርተር ምንድን ነው?

ኤሌክትሪክ በሁለት ዐይነት አካሄድ ይሄዳል። አንደኛው እንደ ወንዝ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚፈስ ነው፤ ከባትሪና ከፀሓይ ሰሌዳ የሚወጣው ይህ ነው። ኢጣልያዊው ሊቅ አሌሳንድሮ ቮልታ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1800 ለዓለም ያስታወቀው የመጀመሪያው ባትሪ የሚሰጠው ይህንኑ ነበር። ሁለተኛው ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ የሚሄድ ነው፤ በአገራችን ከምሰሶ ወደ ቤት የሚገባው 220 ቮልት ሆኖ በሰኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለሰው ነው። ኢንቨርተር ማለት እንግዲህ የባትሪውን 12 ወይም 24 ቮልት ተቀብሎ 220 ቮልት ወዳለው ተመላላሽ ኃይል የሚለውጥ መሣሪያ ነው። ስሙን አሜሪካዊው መሐንዲስ ዴቪድ ፕሪንስ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1925 ባወጣው ጽሑፍ ተጠቀመበት። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው መሣሪያ ከባድና ውድ ስለ ነበረ ለፋብሪካ እንጂ ለቤት አይሆንም ነበር፤ ኋላ ትራንዚስተር ተፈልስፎ ዋጋው ሲረክስ በእጅ የሚያዝ ዕቃ ለመሆን በቃ።

አንድ ነገር ግን መታወቅ ይገባዋል። ኢንቨርተር ኃይል አይፈጥርም፤ ኃይልም አያከማችም። ባትሪው ጎተራ ነው፤ ኢንቨርተሩ ወፍጮ ነው፤ አምፖሉና ቴሌቪዥኑ የሚበሉት ዱቄቱን ነው። ወፍጮም ሲፈጭ ጥቂት ዱቄት እንደሚበተን፥ ኢንቨርተርም ከተቀበለው ከመቶ 85 ወይም 90 ያህሉን ብቻ ይመልሳል፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ስለዚህ ጎተራው ባዶ ለሆነ ቤት ትልቅ ወፍጮ መግዛት ዋጋ የለውም።

በገበያ ላይ ያሉት ሁለት ዐይነቶች

በሱቅ የሚገኙት ኢንቨርተሮች በሚያወጡት ሞገድ በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ፒዩር ሳይን ዌቭ የሚባለው ነው፤ ሞገዱ ለስላሳ ሆኖ ከምሰሶ ከሚመጣው ጋር አንድ ነው። ሁለተኛው ሞዲፋይድ ሳይን ዌቭ የሚባለው ነው፤ ሞገዱ እንደ ደረጃ እየተቈረጠ የሚሄድ ነው። የሁለተኛው ዋጋ ይቀንሳል፤ ለአምፖልና ለብዙዎቹ የስልክ መሙያዎችም ያገለግላል። ነገር ግን ሞተር ያለበትን ዕቃ፥ ማለት ማቀዝቀዣን፥ ማራገቢያንና የውሃ መሳቢያን ከልክ በላይ ያሞቃል፤ በድምፅ ማጉያም ላይ እንደ ንብ የሚጮኽ ድምፅ ያመጣል። እንግዲህ በቤቱ ማቀዝቀዣ ያለው ሰው ርካሹን ገዝቶ ማቀዝቀዣውን ቢያቃጥል ያተረፈው ነገር የለም። መብራትና ስልክ ብቻ የሚፈልግ ሰው ደግሞ የፒዩር ሳይን ዌቭን ዋጋ ለመክፈል አይገደድም።

አስቀድሞ መመጠን

አበው «መጥኖ መደቆስ» የሚሉት ለዚህ ነገር የተነገረ ይመስላል። ኢንቨርተር ለመግዛት ያሰበ ሰው ወደ ሱቅ ከመሄዱ በፊት ወረቀትና እርሳስ ይያዝ፤ በቤቱም ውስጥ እየዞረ መብራት በጠፋ ጊዜ ሊሠሩ የግድ የሆኑትን ዕቃዎች ይጻፍ። በየዕቃው ጀርባ ስንት ዋት እንደሚፈልግ ተጽፎ ይገኛል።

ለምሳሌ አንድ የእንፍራንዝ ቤተ ሰብ እያንዳንዳቸው 9 ዋት የሆኑ 5 አምፖሎች፥ 60 ዋት የሚፈልግ ቴሌቪዥን፥ 20 ዋት የሚፈልግ የሳተላይት መቀበያ፥ ሁለቱ በአንድነት 20 ዋት የሚፈልጉ የስልክ መሙያዎች አሉት እንበል። አምፖሎቹ 45 ዋት ይሆናሉ፤ ጠቅላላው 145 ዋት ነው። ይህ ሁሉ በማታ ለ4 ሰዓት ቢሠራ 580 ዋት ሰዓት ይፈልጋል። ኢንቨርተሩ የሚያባክነውን ስንጨምርበት ከባትሪው የሚወጣው ወደ 680 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ይህም በ12 ቮልት ሲካፈል 57 አምፔር ሰዓት ያህል ነው።

«እንግዲህ 60 አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ ይበቃኛል» የሚል ሰው ግን ይሳሳታል። የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በላይ ሲራገፍ ዕድሜው እጅግ ያጥራል። ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን እህል እንደማይበላ ሁሉ፥ የባትሪውም ግማሽ የማይነካ ዘር ነው። ስለዚህ ለዚህ ቤት 115 አምፔር ሰዓት ያህል ያስፈልገዋል፤ 120 ቢገዛ ይበቃዋል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ባትሪ ከመቶ 80 ያህሉን ያለ ጉዳት ስለሚሰጥ 70 አምፔር ሰዓት ያህል ይበቃል። መግዣው ከእርሳሱ ይበልጣል፤ ነገር ግን የእርሳስ ባትሪ ከጥቂት መቶ እስከ ሺህ ጊዜ ተሞልቶ ሲራገፍ የሚያረጅ ሲሆን ይህ ከ2,000 ጊዜ በላይ ያገለግላል። መብራት በየቀኑ ለሚጠፋበት ቤት በብዙ ዓመት ሒሳብ ሊቲየሙ ይረክሳል፤ መብራት በወር አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ ለሚጠፋበት ቤት ግን እርሳሱ ይሻላል።

የኢንቨርተሩስ መጠን? 145 ዋት ለሚፈልግ ቤት 300 ዋት ያለው በቂ ነው፤ ቢበዛ 500 ዋት። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይገረማል፤ በሱቅ ሁሉም «ትልቁን ውሰዱ» ይባላልና።

ትልቁ ኢንቨርተር ለምን ያከስራል?

ኢንቨርተር ምንም ዕቃ ሳይሰካበት በርቶ ብቻ ቢቀመጥ ለራሱ ኃይል ይበላል። ትንሹ ጥቂት ዋት ይበቃዋል፤ ትልቁ ግን ብዙ ይፈልጋል። 3,000 ዋት የሚል ኢንቨርተር ለራሱ በሰዓት 30 ዋት ሰዓት ቢበላ፥ ቀንና ሌሊት በርቶ ሲቀመጥ በ24 ሰዓት 720 ዋት ሰዓት ይጨርሳል። ከላይ የቈጠርነው ቤተ ሰብ ማታውን ሁሉ የሚጠቀምበት 580 ብቻ ነበር። ስለዚህ ጌታው በበቅሎ መሄድ ሲበቃው ዝሆን ገዝቶ መኖ እንደ ማቅረብ ይሆንበታል። ዐዋቂ ሰው እንደ ልኩ ይገዛል፤ በማይሠራበትም ጊዜ ያጠፋዋል።

በሌላ ወገን ደግሞ በዕቃው ላይ የተጻፈውን ቍጥር መመርመር ያስፈልጋል። ኢንቨርተር ሁለት ዐቅም አለው፤ አንዱ ሳያቋርጥ የሚሸከመው ነው፤ ሁለተኛው ለጥቂት ሰኮንድ ብቻ የሚችለው ነው። በቅሎ አንድ ጊዜ ቦይ ለመዝለል የምታወጣው ኃይል ቀኑን ሙሉ ጭነት ከምትሸከምበት ኃይል የተለየ ነው። ነጋዴዎች በትልቁ የሚጽፉት ብዙውን ጊዜ የዝላዩን ቍጥር ነው። አንድ የምናውቀው ሰው በሳጥኑ ላይ 3,000 ዋት የሚል አይቶ ገዝቶ በሰርግ ዳስ ውስጥ ቢያቆመው፥ እንግዶቹ በተሰበሰቡበት ሰዓት ድምፅ ማጉያውም መብራቱም በአንድነት ጠፋ። በኋላ ቢመረመር ሳያቋርጥ የሚሸከመው ግማሹን ብቻ እንደ ሆነ በውስጡ ባለው ወረቀት ላይ በትንሹ ተጽፎ ተገኘ። ስለዚህ «ሳያቋርጥ ስንት ዋት ይችላል?» ብሎ መጠየቅና በጽሑፍ ማየት ይገባል።

የዝላዩ ቍጥር የሚያስፈልገው ሞተር ላለው ዕቃ ነው። 120 ዋት የሚፈልግ ማቀዝቀዣ ሞተሩ በሚነሣበት ቅጽበት ከ3 እስከ 7 እጥፍ ይጠይቃል፤ ይህም እስከ 840 ዋት ሊደርስ ይችላል። መድኃኒት በማቀዝቀዣ ለሚያኖር ቤተ ሰብ ስለዚህ ሳያቋርጥ 500 ዋት፥ ለዝላይ 1,000 ዋት የሚችል ፒዩር ሳይን ዌቭ ተገቢ ነው። ኢንሱሊንን የመሰለ መድኃኒት ሳይከፈት የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ ስለ ሆነ፥ በእንዲህ ያለ ቤት ርካሽ በመፈለግ የሚደርሰው ጉዳት በገንዘብ አይተመንም።

እንጀራ የሚጋግሩ እመቤቶች ስለ ኤሌክትሪክ ምጣድ ሊጠይቁ ይችላሉ። ምጣድ 3,500 ዋትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ይህን ከ12 ቮልት ባትሪ ለማውጣት ከ340 አምፔር በላይ ያስፈልጋል፤ የቤት ባትሪ ሊሰጠው የሚችል አይደለም። ካውያና የኤሌክትሪክ ምድጃም እንደዚሁ ናቸው። ለምጣድ እንጨትና ማገዶ ቈጣቢ ምድጃ አዘጋጅቶ መቈየት፥ ወይም መብራት ባለበት ጊዜ አስቀድሞ መጋገር ይሻላል።

ኢንቨርተር የማያስፈልገው ቤት

ከሁሉ የሚረክሰው ኢንቨርተር ሳይገዛ የቀረው ነው። የሚያስፈልገው ነገር አምፖልና ስልክ ብቻ ከሆነ በቀጥታ በ12 ቮልት የሚሠሩ አምፖሎችና የስልክ መሙያዎች አሉ፤ ከትንሽ የፀሓይ ሰሌዳና ከትንሽ ባትሪ ጋር አንድ ሆነው በሳጥን ይሸጣሉ። ወፍጮ ሳይገባበት ቈሎውን እንደ መብላት ነው፤ የሚባክን ኃይልም የለም። በሰሜን ሸዋ በምትገኘው በሬማ መንደር በ1990ዎቹ መጨረሻ ግድም በብዙ ቤቶች የገባው ይህን የመሰለ ትንንሽ የፀሓይ መብራት ነው። የኩራዝ ጢስ ዐይንንና ሳንባን እንደሚጎዳ፥ ተገልብጦም ልጆችን እንደሚያቃጥል ስናስብ፥ በገጠር ላሉ ዘመዶቻችን የሚሰጥ ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ ብዙ አይገኝም።

ባትሪን በምን እንሞላዋለን?

ከምሰሶ የሚመጣው መብራት በቀን ለጥቂት ሰዓት እንኳ የሚኖር ከሆነ መሙያ ያለበትን ኢንቨርተር መግዛት ይበቃል። ለ120 አምፔር ሰዓት ባትሪ ከ12 እስከ 20 አምፔር የሚሰጥ መሙያ ተስማሚ ነው፤ በ12 አምፔር ቢሞላ የማታውን ፍጆታ ለመመለስ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይወስዳል። መብራት ለብዙ ቀን የሚጠፋ ከሆነ ግን የፀሓይ ሰሌዳ ያስፈልጋል። ፀሓይ በቀን 5 ሰዓት ያህል በሙሉ ኃይሏ የምታበራ ቢሆን 200 ዋት ያለው ሰሌዳ ከላይ ለቈጠርነው ቤት ይበቃል። በሐምሌና በነሐሴ ደመና ስለሚበዛ በነዚያ ወራት ቴሌቪዥኑን መቀነስ ይገባል።

ጀኔሬተር ለትልቅ ሥራ ይጠቅማል፤ ለ145 ዋት ብቻ ግን ቤንዚን ማቃጠል ከንቱ ወጪ ነው፤ ከዚህም በላይ የሚያወጣው ጋዝ ሽታ የሌለው ገዳይ ስለ ሆነ በቤት ውስጥም ሆነ በመስኮት አጠገብ ፈጽሞ አይነሣም።

ለመዝናኛና ለመንገድ

በእንፍራንዝም ሆነ በጐንደር ሰዎች በበዓል ቀን ወደ ጣና ዳር ወይም ወደ ጉዛራ ግንብ ሲወጡ፥ ወይም ዳስ ጥለው ሰርግ ሲደግሱ፥ ኃይልን ከመኪና ለማግኘት ይፈልጋሉ። በዚህ ጊዜ አራት ነገር ይታወቅ።

አንደኛ፥ በመኪና ውስጥ ያለው የሲጋራ ማቀጣጠያ ሶኬት ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 አምፔር ብቻ ስለሚችል፥ ከ120 እስከ 150 ዋት በላይ አይሰካበትም። ስልክ፥ ላፕቶፕና ትንሽ ራዲዮ ይበቃዋል። ከዚህ የበለጠ የሚፈልግ ሰው በወፍራም ገመድና በፊዩዝ ከባትሪው ጋር በቀጥታ ያገናኝ።

ሁለተኛ፥ ትንንሽ መኪናዎችና ሚኒባሶች 12 ቮልት ናቸው፤ አይሱዙን የመሰሉ ብዙ የጭነት መኪናዎች ግን 24 ቮልት ናቸው። የ12 ቮልት ኢንቨርተር በ24 ቮልት ላይ ቢገናኝ ወዲያው ይቃጠላል። ከመግዛት በፊት መኪናው ምን እንደ ሆነ ይጣራ።

ሦስተኛ፥ የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሣት እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ለማብራት አልተሠራም። ሞተሩን አጥፍቶ ሙዚቃ ሲያሰማ ያመሸ ሰው ሲነጋ መኪናውን በሰው ትከሻ ያስገፋል።

አራተኛ፥ ወደ ስሜን ተራራ የሚወጡ መንገደኞች ሊቲየም ባትሪ ከያዙ ውርጭ ባለበት ሌሊትና ማለዳ አይሙሉት፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲሞላ ይበላሻልና። ፀሓይ ሞቅ እስክትል ይጠብቁ።

ስለ መግዛት

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ገንዘብ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ኢንቨርተርና ባትሪ በአብዛኛው ከውጭ የሚመጡ ስለ ሆኑ ዋጋቸው ከምንዛሪው ጋር ይሄዳል። ስለዚህ የዋጋን ነገር በቍጥር ከመጻፍ ይልቅ የሚከተለውን ምክር መስጠት ይሻላል።

ቢያንስ ሦስት ሱቅ ይጠየቅ፤ ሲጠየቅም አንዱን ዐይነት ከሌላው ዐይነት ሳይቀላቅሉ፥ ሳያቋርጥ የሚችለውን ዋትና የሞገዱን ዐይነት አስተካክሎ ማወዳደር ነው። ሳይሞከር አይገዛ፤ ባለ 100 ዋት የድሮ አምፖሎችን በሚፈለገው ቍጥር ይዞ ሄዶ ግማሽ ሰዓት ማብራት፥ ማራገቢያው መዞሩንና ሳጥኑ እጅ የማያቃጥል መሆኑን ማየት ይገባል። ራዲዮም በላዩ ቢከፈት ጩኸቱ ስለ ሞገዱ ዐይነት ይናገራል። ደረሰኝና የዋስትና ወረቀት ሳይቀበሉ አይውጡ።

ጐንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ አገር ነው። ከፍ ባለ አገር አየሩ ስስ ስለ ሆነ ሙቀትን በደንብ አያወጣም፤ ስለዚህ በዕቃው ላይ ከተጻፈው ዐቅም አምስተኛውን ቀንሶ ማሰብ ጥንቃቄ ነው።

በመሥሪያ ቤት ያላችሁ አንባቢዎቻችን ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ባትሪው ሞቶ በየመጋዘኑ የተጣለው ዩ.ፒ.ኤስ. የሚባለው የኮምፒዩተር መጠባበቂያ በውስጡ ኢንቨርተርና መሙያ ያለበት ነው። በጨረታ በሚሸጥ ጊዜ ርካሽ ሆኖ ይገኛል፤ ዐዋቂ ባለ ሙያ አዲስ ባትሪ ቢያገናኝለት ለአምፖልና ለስልክ ያገለግላል። ነገር ግን ብዙዎቹ ትንንሾች ለደቂቃዎች እንዲሠሩ እንጂ ለሰዓታት እንዲሠሩ ስላልተበጁ ይሞቃሉ፤ ስለዚህ በላያቸው ከተጻፈው ዐቅም ከሩብ በላይ ባይጫንባቸው፥ ሰው በሌለበትም ባይበሩ ይሻላል።

በአንድ ጊዜ ገንዘቡን ማውጣት ለሚከብደው ሰው ዕቁብ ጥሩ መንገድ ነው። ዐሥር ቤተ ሰብ በአንድነት ዕቁብ ገብቶ በየወሩ ለአንዱ ቢገዛ፥ ብዙ ገዢ በመሆኑ ከነጋዴው የዋጋ ቅናሽ ያገኛል፤ አንድ ባለ ሙያም ለሁሉ ይገጥማል። መጀመሪያም ባትሪውን፥ ከዚያ ኢንቨርተሩን፥ በመጨረሻ የፀሓይ ሰሌዳውን በየተራ መግዛት ይቻላል።

ከአደጋ ስለ መጠበቅ

በ12 ቮልት ላይ 1,000 ዋት ሲሠራ በገመዱ ውስጥ ወደ 100 አምፔር ያህል ያልፋል። ለአምፖል የተሠራ ቀጭን ሽቦ ይህን ሊችል አይችልም፤ ግሎ ቤት ያቃጥላል። ከባትሪው እስከ ኢንቨርተሩ ያለው ገመድ አጭርና ወፍራም ይሁን፤ በባትሪውም አጠገብ ልኩን የጠበቀ ፊዩዝ ይግባ። ከ1,000 ዋት በላይ ለሚፈልግ ቤት 24 ቮልት ይሻላል፤ ጅረቱ በግማሽ ሲቀንስ በገመዱ የሚባክነው ሙቀት ወደ ሩብ ይወርዳልና።

የእርሳስ ባትሪ በሚሞላበት ጊዜ ሃይድሮጂን የሚባል እሳት የሚይዝ ጋዝ ያወጣል። ስለዚህ በመኝታ ቤት ሳይሆን አየር በሚዘልቅበት ስፍራ ይቀመጥ፤ ጧፍና ኩራዝም አይቅረበው። አሲዱ ሥጋን ስለሚያቃጥል ሕፃናት አይድረሱበት። የሚጨመርበት የባትሪ ውሃ እንጂ የጕድጓድ ወይም የቧንቧ ውሃ አይደለም። ያረጀ ባትሪ በጓሮ አይጣል፥ በቤትም አይቅለጥ፤ እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነውና ለሚቀበሉት ነጋዴዎች ይመለስ።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ይህ ነው። አንዳንድ ሰው ሁለት ራስ ያለው ገመድ ሠርቶ የኢንቨርተሩን ወይም የጀኔሬተሩን ኃይል በግድግዳው ሶኬት ወደ ቤቱ ያስገባል። ይህ ኃይል በቈጣሪው በኩል ወደ ውጭ ወጥቶ፥ በትራንስፎርመሩ ወደ ከፍተኛ ቮልት ይለወጥና፥ መብራት ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ ሊገድለው ይችላል። ይህን ማድረግ ነፍስ መግደል መሆኑን ሁሉም ይወቅ። ቤቱን በሙሉ ማገናኘት የሚፈልግ ሰው የምሰሶውን መስመር ቈርጦ የኢንቨርተሩን የሚያስገባ መለወጫ ማብሪያ በባለ ሙያ ያስገጥም። ይህ ማብሪያ ከሌለ ዕቃዎቹን በቀጥታ በኢንቨርተሩ ሶኬት ላይ ብቻ መሰካት ነው።

ክቡራን አንባቢዎቻችን፥ ከኢትዮጵያ ሕዝብ ግማሽ ገደማ የሚሆነው ገና ከምሰሶ የሚመጣ መብራት በቤቱ የለውም። መብራት ያለን ሰዎች የሚያሳስበን አንድ ማታ ሲጠፋ ነው፤ እነርሱ ግን ዘወትር ማታ በጨለማ ናቸው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሰው በመጀመሪያ የቤቱን ዋት በወረቀት ይቍጠር፤ የሚበቃውን ብቻ ይግዛ። ለትልቁ ኢንቨርተር ሊያወጣው ከነበረው ገንዘብ በተረፈው በገጠር ላለች አክስቱ ወይም ላሳደገችው ሞግዚት አንድ የፀሓይ ፋኖስ ቢልክ፥ በእርሱም ቤት በርስዋም ቤት በአንድ ማታ ይበራል።